ጠፍጣፋው እግር ለምን አልገባም?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ለዲሲ ጃክ (የኤሌክትሪክ ገመድ የሚሰካበት ዕቃ) የራሴን ፉትፕሪንት፣ ማለትም ኤሌክትሮኒክስ ቦርዱ ላይ የሚቀመጥበትን የቀዳዳና የመዳብ ንድፍ ሠራሁ። የጃኩ እግር ጠፍጣፋ ነው። ዳታሺቱ (የዕቃው ልክ የተጻፈበት ሰነድ) ስፋቱን 3 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱን 0.8 ይላል። በሁለቱም ላይ 0.2 ጨምሬ 3.2 በ1 የሆነ ሞላላ ቀዳዳ ሰጠሁት። ቦርዱ ሲመጣ ጃኩ አልገባም አለ። ጓደኛዬ «ክብ ቀዳዳ አድርጊና ተገላገይ» ይለኛል። እውነት እሱ ይሻላል? በእጄ ያሉትን 10 ቦርዶችስ ልጣላቸው?

መልስ፦ እህቴ፣ አትጣያቸው። ሐሳብሽም ትክክል ነበር። የጎደለሽ አንድ ነገር ብቻ ነው።

ሞላላው ቀዳዳ ጫፉ ላይ ቀጥ ያለ ግድግዳ የለውም። የሚቆርጠው ምላስ ክብ ስለሆነ ጫፉም ግማሽ ክብ ሆኖ ይቀራል። የጃክሽ እግር ግን አራት ማዕዘን ነው። መሐሉ ይገባል፣ አራቱ ጥጎቹ ክቡ ላይ ይነክሳሉ። ወረቀት ላይ ሥይው። ስፋቱ 1 ሚሊ ሜትር በሆነ ቀዳዳ ውስጥ ያንቺ እግር ጥጎቹ ግድግዳውን ሳይገፉ እንዲቀመጥ ርዝመቱ ቢያንስ 3.4 መሆን አለበት። ያውም ጥጉ ግድግዳውን እየነካ። አንቺ ደግሞ 3.2 ነው የሰጠሽው። እኔ ብሆን 3.6 በ1.1 አደርገው ነበር። ጃኮች ሁሉ እኩል አይወጡም፤ ትንሽ መላወሻ ያስፈልጋል።

የጓደኛሽን ምክር ግን አልቀበለውም። እግሩን የሚያስገባ ክብ ቀዳዳ 3.3 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል። ከዚያ ውስጥ እግሩ የሚሞላው ሩቡን ከፍ ቢል ነው። ሌላው ባዶ ነው። ሶልደሩ (ቀልጦ የሚበይደው ብረት) በዚያ ቁልቁል ይፈሳል፣ ጃኩም እስኪበየድ ድረስ ይወዛወዛል። ሰው በየቀኑ የሚሰካውና የሚነቅለው ነገር ነው እኮ! በ3.6 በ1.1 ግን ባዶ የሚቀረው 1.3 ካሬ ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ሶልደሩ ሞልቶ ይይዘዋል።

ኪካድ በሚባለው የቦርድ መንደፊያ ፕሮግራም ላይ ከሆንሽ የፓዱን (ቀዳዳውን የሚከበውን መዳብ) ባሕርይ ክፈቺ። የቀዳዳውን ቅርጽ ከክብ ወደ ሞላላ ቀይሪና ሁለቱን ልክ ለየብቻ ጻፊ። ፓዱንም ሞላላ አድርጊው፤ 4.6 በ2.1 ብትይው ዙሪያውን እኩል 0.5 የመዳብ ቀለበት ይተርፍሻል። አምራቹ የሚቆርጠው ትንሹ ስሎት (ሞላላ ቀዳዳ) ስንት እንደሆነም አስቀድመሽ እይ። ቀዳዳው ውስጥ የሚለበጠው መዳብ በየግድግዳው 0.025 ገደማ ይወስዳል። የጻፍሽው ልክ ከልባጥ በኋላ ያለው ነው ወይስ በፊት ያለው? ይህን ጠይቂያቸው።

ቀዳዳውን በሥዕል ሌየር ላይ መስመር አድርገሽ ብቻ እንዳትተዪው አደራ። እኔ አንድ ጊዜ እንዲያ አድርጌ 20 ቦርድ አንድም ቀዳዳ ሳይኖረው መጣልኝ። ፓዱ ድፍን መዳብ ነበር። አምራቹ ለመብሳት የሚያነበው የድሪል ፋይሉን፣ የቀዳዳዎቹ ዝርዝር ያለበትን ነው፤ እኔ ደግሞ እዚያ ውስጥ ምንም አላስገባሁም። ቀዳዳውን ራሴ በስቼ በቀጭን ሞረድ አሰፋሁት። ጃኮቹ ገቡ፣ ግን ግማሾቹ ቦርዶች አልሠሩም። በእጅ የተበሳ ቀዳዳ ግድግዳው ላይ መዳብ የለውም፤ የላዩና የታቹ የመዳብ ሌየር (ንጣፍ) አልተገናኙም። ሁለት ቀን ሙሉ ጥፋቱን ሌላ ቦታ ስፈልግ ነበር። ከዚያ ወዲህ ገርበሩን (የየሌየሩን ሥዕል የያዘውን ፋይል) እና የድሪል ፋይሉን በማያ ፕሮግራም ደራርቤ ሳልከፍት ምንም አልልክም።

ያንቺ ቀዳዳዎች ግን ልባጥ ስላላቸው 10ሩ ቦርዶች ይድናሉ። ቀዳዳውን አትሞርጂ፣ ልባጡ ይነሣል። የጃኩን እግር ሞርጂው። አራቱን ጥጎች ብቻ በትንሹ ሸርፊያቸው፤ ከአንድ ጥግ ከ0.1 ሚሊ ሜትር ብዙም የማይበልጥ ይበቃል። የብረቱን ብናኝ በደንብ ጥረጊና አስገቢው። ለቀጣዩ ቦርድ ደግሞ ፉትፕሪንቱን በ100 ፐርሰንት ወረቀት ላይ አትሚ፣ ቀዳዳውን በምላጭ ቁረጪና ጃኩን ሰክተሽ ሞክሪው። ከማተሚያው የወጣውን ልክ በካሊፐር (በጥቃቅን መለኪያው) ማረጋገጥ አትርሺ፤ አንዳንድ ማተሚያ ሳይነግርሽ ያሳንሰዋል።