ብቻዬን ማረስ ነው የምፈልገው

ጤና ይስጥልኝ፣

ስታርዲው ቫሊ የተባለውን የእርሻ ኮምፒውተር ጨዋታ ከታላቅ ወንድሜና ከአክስቴ ልጅ ጋር በመልቲፕሌየር፣ ማለትም በአንድ እርሻ ላይ በኢንተርኔት አብረን፣ እንጫወታለን። እኔ አዲስ አበባ ነኝ፣ እሱ ቨርጂኒያ፣ እሷ ዱባይ። አሁን ግን ትዕግሥቴ አልቋል። በጨዋታው የሰመር ወቅት፣ ዕቃ እየሰጠን ለምናድሰው የመንደሩ ኮሚዩኒቲ ሴንተር ብዬ አምስት ባለወርቅ ኮከብ (ጥራቱ ከፍ ያለ) ሜሎን ሳጥን ውስጥ ለይቼ አስቀምጬ ነበር። የአክስቴ ልጅ ሳትጠይቀኝ አውጥታ ሸጠቻቸው። ገንዘባችን የጋራ ስለሆነ ብሩ የዶሮ ቤት ማሠሪያ ሆኖ ቀረ። አሁን ቀጣዩ ወቅት ፎል ገብቷል፤ ሜሎን ደግሞ ያለ ሰመር አይበቅልም። ዓመት ሙሉ ልጠብቅ ነው።

ይህ ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩ። ሳጥን ከፍቼ ዕቃ ሳስተካክል ሰዓቱ ይሮጣል። ከመንደሩ ሰው ጋር ቆሜ ሳወራ «ተኚ እንጂ፣ እኛ አልጋ ላይ ነን» ይሉኛል። ወንድሜ ማዕድን ማውጫ ይወርዳል፣ እሷ ዓሣ ታጠምዳለች፣ ውሃ ማጠጣቱ የኔ ነው። እርሻው እኔ ላፕቶፕ ላይ ስለሆነ ገና ከሥራ ስገባ «ክፈችልን» የሚል መልእክት ይደርሰኛል። አንዳንዴ ኔትወርክ የለም እልና ለብቻዬ የጀመርኩትን ሌላ እርሻ እጫወታለሁ።

እናቴ «ወንድምሽን የምታገኚው በዚሁ ነው፣ እንዳትተዪው» ትላለች። ብቻዬን መጫወት መፈለጌ ራስ ወዳድነት ነው? ወንድሜ ሳይከፋውስ እንዴት ልውጣ?

ውሃ አጠጪዋ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ

ውድ እህቴ፣

የሜሎኑን ነገር ቶሎ እንጨርሰው። በተለመደው የባንድል (ኮሚዩኒቲ ሴንተሩ የሚጠይቀው የዕቃ ጥቅል) ምርጫ ከጀመራችሁ ያ ባንድል የሚፈልገው ከፓርስኒፕ፣ ከሜሎን፣ ከበቆሎና ከዱባ ሦስቱን ብቻ ነው፤ ከእያንዳንዱ አምስት ባለወርቅ። ፓርስኒፑን በስፕሪንግ ካስገባሽ በቆሎና ዱባ ይበቁሻል። በቆሎ በ14 ቀን፣ ዱባ በ13 ቀን ይደርሳል፤ ፎል ደግሞ 28 ቀን ነው። በቆሎውን እስከ 14ኛው፣ ዱባውን እስከ 15ኛው ቀን ዝሪ። ማዳበሪያው ከዘሩ በፊት ይግባ። ወርቅ በዕድል ስለሚወጣ ከእያንዳንዱ ከ15 አታሳንሺ።

አሁን በግማሽ ዓረፍተ ነገር ወዳለፍሽው እንምጣ። እርሻው አንቺ ላፕቶፕ ላይ ነው። ሆስቷ፣ ማለትም እርሻውን ለሌሎቹ የምትከፍተው፣ አንቺ ከሆንሽ፣ አንቺ ካልከፈትሽ ሁለቱ ጎጇቸውን እንኳ አያዩም ማለት ነው። እነሱ ሲመቻቸው ይመጣሉ፣ አንቺ ሳይመችሽም ትከፍቻለሽ። ያሰለቸሽ ይኸው ነው፤ ሸክሙን የተሸከምሽው ደግሞ ማንም ሳያስተውልልሽ ነው።

የኔትወርኩን ውሸት ግን አልወደድኩልሽም። ሌላው ተጫዋች ቢዋሽ አንድ ሰው ይጎድላል፤ ሆስት ስትዋሽ የሁሉም ምሽት ይዘጋል። ቨርጂኒያ ከአዲስ አበባ ሰባት ወይም ስምንት ሰዓት ወደ ኋላ ናት። ያንቺ ምሽት ለወንድምሽ ቀን ነው፤ ከሥራው ሰዓት ሸርፎ ነው የሚጠብቅሽ። ከዛሬ ጀምሮ አቁሚው።

ራስ ወዳድነት ነው ወይ ላልሽው፣ አይደለም። ኤሪክ ባሮን ይህን ጨዋታ ለብቻው ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2016 ሲያወጣው ለአንድ ተጫዋች ነበር፤ አብሮ መጫወት የተጨመረው በ2018 ነው። ሰዓቱን ተመልከቺ፦ አሥር የጨዋታ ደቂቃ ሰባት ሰከንድ ያህል ነው፤ ከጠዋቱ 12 እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ያለው ቀን በ14 ደቂቃ ያልቃል። ለብቻሽ ስትሆኚ ቦርሳ በከፈትሽ ቁጥር ሰዓቱ ስለሚቆም ቀኑ እንደ ልብሽ ይረዝማል። በጋራ ሲሆን አንቺ ብቻ በመክፈትሽ አይቆምም፤ ሁሉም አልጋ ካልገባም ቀኑ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት አይዘጋም። ስለዚህ ስጦታ ማዳረስ፣ ከሰዉ ጋር ማውራት፣ ሳጥን ማደራጀት የሚወድ ሰው ሁልጊዜ ሌሎችን አስጠባቂ ይሆናል። እኔ እንደማምነው ጨዋታውን በወጉ የሚጫወተው እሱ ነው፤ መልቲፕሌየር የሚጎዳውም እሱኑ ነው።

ለወንድምሽ ደውዪለትና «ካንተ ጋር መጫወት እፈልጋለሁ፣ በየቀኑ መክፈት ግን አልችልም» በዪው። አዲስ የጋራ እርሻ በእሱ ኮምፒውተር ይጀምር። ሲጀምር ሁለት ጎጆ ይምረጥ፣ ገንዘቡንም ለየብቻ ያድርገው፤ ከረሳው በኋላም ከንቲባው ሉዊስ ቤት ባለው መዝገብ ይቀየራል፣ የሚሠራው ግን በማግስቱ ነው። አንቺ በሌለሽበት ቀን ሁለቱ ይቀጥላሉ፤ ስትመለሺ ጎጆሽና ቦርሳሽ እንዳሉ ታገኛቸዋለሽ። ሰዓቱ ሲያጣድፍሽ ደግሞ ሆስቱ ቻቱ ላይ ዘንባላ መስመር አስቀድሞ ፖዝ የሚለውን በእንግሊዝኛ ፊደል (/pause) ቢጽፍ ጨዋታው ይቆማል፤ በሪዚዩም (/resume) ይቀጥላል።

የድሮውን እርሻ ልላክለት እንዳትዪ። የሴቩ (ጨዋታው የተቀመጠበት) ፎልደር ሙሉውን ቢደርሰው ይከፈትለታል፤ ግን የሚነሳው በአንቺ ገጸ ባሕርይ ነው፣ የራሱ ሰው ጎጆ ውስጥ ይቀራል። ያንን ለማቀያየር የሴቩን ፋይል በእጅ መነካካት ይጠይቃል፤ ትንሽ ስህተት እርሻውን ጨርሶ እንዳይከፈት ሊያደርገው ይችላል። ለብቻሽ ልትቀጥዪበት ከፈለግሽም መጀመሪያ አስፈቅጂያቸው፤ አንቺ በተኛሽ ቁጥር ቀኑ በእነሱም ሰብል ላይ ያልፋል፣ ፎል ሲያልቅ ያልተለቀመው ይደርቃል።

እናትሽ ያሉት እውነት ነው፤ ወንድምሽን እንዳትተዪው። በሳምንት አንድ ሰዓት የጋራ እርሻው ላይ ከዋላችሁ አራት የጨዋታ ቀን ያህል ይሄዳል፣ አንድ ወቅት ሰባት ሳምንት ይፈጃል፤ በቂ ነው። ያቺን ሰዓት ማዕድን ማውጫው ላይ አውሏት፤ ጭራቆች ስላሉበት ሁለት ሰይፍ የሚያግዘው እዚያ ነው፣ ሊፍቱም በየአምስት ፎቁ ስለሚቆም ቀኑ ቢያልቅባችሁ ብዙ አትመለሱም። ሌላውን ቀን እሱ የራሱን እርሻ፣ አንቺ የራስሽን ክፈቱና ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጉት። እንደዚያ ሲሆን እሱ ሲያወራሽ ቦርሳሽን ከፍተሽ ሰዓቱን ማቆም ትችያለሽ።