መልስ፦ በጁን ስኮትላንድ ውስጥ ለቪዲዮ ሥራ የት ይሻላል?

ሰላም ወንድሜ፣ በጁን ስኮትላንድ ሄደህ አጭር የቪዲዮ አርት ለመቅረጽ የት እንደሚሻል ጠይቀሃል። እኔ ከስኮትላንድ በስተሰሜን ያሉትን ኦርክኒ ደሴቶችን እመርጣለሁ። በዚያ ወር ማታ አራት ሰዓት ላይ እንኳ ፀሐይ አልጠለቀችም። ብርሃኑ ዝቅ ብሎ ለረጅም ሰዓት ስለሚቆይ መሯሯጥ የለም።

ተራራማው ሸለቆ ግሌንኮ ወይም ስካይ ደሴት ከሄድክ ግን ሚጅ የሚባሉትን ጥቃቅን ትንኞች እንዳትንቅ። ነፋስ ጸጥ ሲል መንጋ ሆነው ይመጣሉ። ዓይንና ጆሮ ይገባሉ፣ ሌንስ ላይ ያርፋሉ፣ እጅህ ካሜራው ላይ አይረጋም። የፊት መረብ ያዝ። ትንሽ ነፋስ ካለ ይጠፋሉ፤ ስለዚህ ባሕር ዳር ወይም ገላጣ ከፍታ ምረጥ። ማይክህን ደግሞ ጸጉራሙን የነፋስ መከላከያ አልብሰው።

ከመሄድህ በፊት የፊልም ሠሪዋን የማርጋሬት ቴይትን ሥራዎች እባክህ እይ። በ1918 ኦርክኒ ተወለደች፣ ሐኪም ነበረች፣ ፊልም ሮም ተማረች። ተመልሳ የገዛ እናቷንና የሰፈሯን ጎዳና ቀረጸች። ተራራ ማሳደድ ግዴታ እንዳልሆነ ያሳየችኝ እሷ ናት።

በግላስጎው ከተማ ካለፍክ ትራምዌይ የሚባለው የሥነ ጥበብ ማዕከል ጎራ በል። የድሮ የትራም ጋራዥ ነው፤ የስኮትላንዳዊው አርቲስት የዳግላስ ጎርደን 24 ሰዓት የሚፈጀው ቪዲዮ በ1993 የታየው እዚያ ነው።