ቪዲዮውን የት ላይ ላቁመው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ እንደምን ከረሙ መምህርት? ዘጌ በኩል ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የ10ኛ ክፍል ፊዚክስ አስተምራለሁ። ዘንድሮ አንድ ላፕቶፕና አንድ ፕሮጀክተር አገኘን። ደስታዬ ግን አልዘለቀም። ቅዳሜ ቅዳሜ ባሕር ዳር ወጥቼ ያወረድኳቸውን ቪዲዮዎች ሳሳያቸው ተማሪዎቼ የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች በጉጉት ያያሉ፤ ከዚያ አንዱ ያንቀላፋል፣ ሌላው ያወራል። ፈተና ላይ ያዩትን አያስታውሱትም። ኢንተርኔት የለንም፤ መብራትም ይሄዳል ይመጣል። በጠመኔዬ ብቀጥል ይሻለኝ ይሆን?
መምህሩ፣ ከጣና ዳር

መልስ፦ እግዚአብሔር ይመስገን ወንድሜ፣ ደህና ከርሜአለሁ። ጠመኔውንም ላፕቶፑንም ይያዙ። ጥያቄዎ ለብዙ ዓመት ሲከነክነኝ የኖረ ጉዳይ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልመልስልዎ።

በ1997 ዓ.ም. ገደማ የሳተላይት ትምህርት ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲገባ እኔም ከዚያው ክፍል ውስጥ ነበርኩ። ሁላችንም «ፕላዝማ» የምንለው ነው። ሥዕሉ ያማረ፣ ሙከራው ግልጽ ነበር። ነገር ግን እንግሊዝኛው ይሮጣል፤ ትምህርቱ በሳተላይት የሚሠራጭ በመሆኑ መምህሩ ሊያስቆመው አይችልም። የእኛ ድርሻ መግቢያው ላይ ጥቂት ደቂቃ፣ መውጫው ላይ ጥቂት ደቂቃ ነበር። መሐል ላይ አንዲት ልጅ እጇን ስታወጣ «ቆይ፣ ሲያልቅ» ከማለት ሌላ ምን ማድረግ እንችል ነበር? ሲያልቅ ደግሞ ልጅቷ ጥያቄዋን ረስታዋለች።

እርስዎ ያኔ እኛ ያልነበረንን ይዘዋል፤ የማቆሚያ ቁልፍ። ቪዲዮውን ከዳር እስከ ዳር አያሳዩ። መልሱ ሊነገር ሲል ያቁሙትና ጥያቄውን ለተማሪዎቹ ይስጡ። የት ላይ እንደሚያቆሙ የሚያውቁት ግን ከዋዜማው ራስዎ አይተው ነጥቡን ወረቀት ላይ ካሰፈሩ ብቻ ነው። ይህ ዝግጅት ከማውረዱ ይበልጣል።

የኤሌክትሪክን ትምህርት እንውሰድ። ሁለት አንድ ዓይነት አምፖሎች አንዱ ከሌላው ቀጥሎ በሽቦ ተገናኝተው ከባትሪ ድንጋይ ጋር ተያይዘዋል። የትኛው አምፖል የበለጠ ይደምቃል? ከማሳየትዎ በፊት እያንዳንዱ ተማሪ ግምቱን ከነምክንያቱ ደብተሩ ላይ ይጻፍ። ብዙዎቹ «ለድንጋዩ የሚቀርበው፤ ምክንያቱም ኤሌክትሪኩን ቀድሞ ይጨርሰዋል» ይላሉ። ይህን ሐሳብ ማንም አላስተማራቸውም፤ ከየቤታቸው ይዘውት የመጡት ነው። ሳይነኩት ካለፉ ደግሞ የዓመቱ ትምህርት አልቆም አብሯቸው ይኖራል። ከጎናቸው ካለው ልጅ ጋር ይከራከሩ፤ መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ቢሆንም ክርክሩ በአማርኛ ይሁን። ሰው የሚያስበው በሚናገረው ቋንቋ ነውና በዚህ አልደራደርም።

ከዚያ እውነተኛውን አምፖል ያብሩላቸው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ይጠንቀቁ፦ ዛሬ ገበያ ላይ ያለው የእጅ ባትሪ አብዛኛው ኤልኢዲ የሚባል፣ ውስጡ ክር የሌለው መብራት ነው። ኤልኢዲ ዋልታው ከተገለበጠ አይበራም፤ ነጩ ደግሞ አንዱ ብቻ 3 ቮልት ያህል ስለሚፈልግ፣ ሁለቱን አከታትለው፣ በድምሩ 3 ቮልት ብቻ ከሚሰጡ ሁለት የባትሪ ድንጋዮች ጋር ቢያያይዟቸው ጨለማ ይቀራሉ፤ ልጆቹም የተሳሳተ ነገር ይማራሉ። ስለዚህ ቅዳሜ ገበያ ሲወጡ አሮጌ የእጅ ባትሪ ከሚሸጡት ዘንድ ውስጡ ቀጭን ክር ያለውን ትንሹን አምፖል ይፈልጉ። ሁለቱ እኩል ሲበሩ ክፍሉ ይንጫጫል። ያን ጫጫታ አይከልክሏቸው።

ላፕቶፑ የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው፤ ዓይን የማያየውን ለማሳየት። ፌት የሚባሉ የሳይንስ ማሳያዎች አሉ፤ የፊዚክስ የኖቤል ተሸላሚው ካርል ዋይማን እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ያስጀመሯቸው ናቸው። በነጻ ይወርዳሉ፤ አንዴ ከወረዱ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ። በኤሌክትሪኩ ማሳያ ላይ ሽቦና አምፖል ራስዎ ሲገጥሙ ኤሌክትሮኖቹ በትንንሽ ነጠብጣብ መልክ ሲሄዱ ይታያሉ። ከአምፖሉ በፊትም በኋላም ፍጥነታቸው አንድ ነው። አምፖሉ ጉልበታቸውን ይወስዳል እንጂ እነሱን አያስቀርም። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለውን የጢስ ዓባይን የኃይል ማመንጫ ያስታውሷቸው፤ ተርባይኑን የሚያዞረው ውሃ የገባውን ያህል ይወጣል፤ የሰጠው ከከፍታ ሲወርድ የያዘውን ጉልበት ነው።

መብራቱን በተመለከተ፦ ፕሮጀክተር ከላፕቶፕ ብዙ እጥፍ ኃይል ይበላል። መብራት ሲጠፋ የሚሞተው እሱ ነው፤ ላፕቶፑ በባትሪው ይቆያል። ስለዚህ ፕሮጀክተሩ ላይ የተንጠለጠለ ዕቅድ አያውጡ። ተማሪዎቹን በቡድን ከፍለው አንዱ ቡድን በላፕቶፑ ሲሠራ ሌሎቹ በአምፖልና በሽቦ ይሞክሩ፤ ከዚያ ይቀያየሩ። ኢንተርኔት አለመኖሩ ደግሞ እንደሚያስፈራው አይደለም። ኮሊብሪ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ላፕቶፕዎ ላይ ከተጫነ፣ በዋይፋይ ለተገናኙ በአካባቢው ላሉ ስልኮች ትምህርቱን ያድላል። ኪዊክስ ደግሞ ዊኪፒዲያን እንዳለ አውርደው ያለ ኢንተርኔት እንዲያነቡ ያስችላል።

በሚቀጥለው ሳምንት በአንድ ትምህርት ብቻ ይሞክሩትና ልጆቹ የጻፉትን ግምት ይላኩልኝ። ማየት እፈልጋለሁ።

ጥያቄ፦ ልጄ የ8ኛ ክፍል ተማሪ ናት። የሒሳብ የቤት ሥራዋን በስልክ ፎቶ ታነሳና መልሱን ከነአሠራሩ ታገኛለች። ደብተሯ ሁሉ ትክክል ነው፤ ፈተና ላይ ግን ትወድቃለች። ስልኩን ልንጠቃት?
እናት፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ እህቴ፣ ስልኩን ከመንጠቅዎ በፊት ቅደም ተከተሉን ይለውጡ። ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት፣ አንድን ጽሑፍ ደጋግመው ያነበቡ ተማሪዎች ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ የተሻለ አስታወሱ፤ ከሳምንት በኋላ ግን ጽሑፉን ዘግተው ራሳቸውን የፈተኑት በለጧቸው። የልጅዎም ነገር ይኸው ነው፤ ከስልኩ ስትገለብጥ የገባት ይመስላታል።

መጀመሪያ ስልኩ እርስዎ ዘንድ ሆኖ ራሷ ትሞክር፤ ብትሳሳትም ግድ የለም። ከዚያ አሠራሩን ከስልኩ ትመልከት። ከዚያ ስልኩን ዘግታ ያንኑ ጥያቄ በባዶ ወረቀት እንደገና ትሥራ። በማግስቱ ቡና ሲፈላ አጠገብዎ ተቀምጣ ታስረዳዎ። ሒሳብ አለመማርዎ አያሳስብዎ፤ በየመሥመሩ «ይህን ለምን አደረግሽ?» ማለት ይበቃል። መመለስ ያቃታት ቦታ ላይ ምልክት ታድርግና መምህሯን ትጠይቅ።

ደግሞ እነዚህ ፕሮግራሞች ይሳሳታሉ፤ ሲሳሳቱም በሙሉ ልብ ነው የሚናገሩት። ያልታወቀው ቁጥር 7 ነው ካሏት፣ 7ን ወደ ጥያቄው መልሳ አስገብታ ታስላ። ሁለቱ ጎኖች እኩል ካልመጡ መልሱ ስሕተት ነው።