«ሦስተኛ» ወይስ «ሣልስ»? ስለ ድምፅ ርቀት አጠራር

ጥያቄ፦ በአዘዞ ልጆችን ክራር የሚያስተምሩ አንባቢ እንዲህ ሲሉ ጽፈውልኛል፦ «የሙዚቃ ትምህርት ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። በሁለት ድምፆች መካከል ያለውን ርቀት ‹ሦስተኛ›፣ ‹አምስተኛ› ብዬ ስጽፍ ልጆቹ ሦስተኛውን፣ አምስተኛውን ክር ይመታሉ። ምን ብል ይሻላል?»

መልስ፦ ልጆቹ አልተሳሳቱም። በአማርኛ «-ኛ» የሚለው ቅጥያ የሚናገረው ተራን እንጂ ርቀትን አይደለም፤ ሦስተኛ ክፍል፣ ሦስተኛ ልጅ፣ «ከክፍሏ ሦስተኛ ወጣች» ስንል በሰልፍ ውስጥ ያለን አንድ ቦታ እናመለክታለን። በክራር ላይ ደግሞ ግራ መጋባቱ ይብሳል። ትዝታ ሜጀር የተባለው ቅኝት ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ በሚሉ አምስት ድምፆች የሚሄድ ስለሆነ፣ ከዶ እስከ ሶል ያለው ርቀት በምዕራባውያን አቆጣጠር (ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ፣ ሲ) «አምስተኛ» ሲባል፣ በቅኝቱ ግን ሶል አራተኛው ድምፅ ነው፤ «ስምንተኛ» የሚባለው ቀጭኑ ዶም ስድስተኛው ላይ ይገኛል።

እንግሊዝኛ ለተራውም ለርቀቱም በአንድ ቃል ይጠቀማል፤ የአማርኛው «ሦስተኛ» ከዚያ በቀጥታ የተገለበጠ ይመስለኛል። ጀርመንኛ ግን ለተራው የራሱን «ድሪተ» ይዞ፣ ለርቀቱ ከላቲን የመጣውን «ቴርትስ» ለይቶ አስቀመጠ። ለእኛ ላቲናችን ግዕዝ ነው፤ ቃላቱም ፊደል የቆጠረ ሁሉ በቃሉ የያዛቸው ናቸው፦ ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ፣ ኃምስ፣ ሳድስ፣ ሳብዕ። ከዶ እስከ ሚ ሣልስ፣ ከዶ እስከ ሶል ኃምስ ይባል። ሣልስ ሰፊና ጠባብ አለውና ትልቁን «ዐቢይ ሣልስ»፣ ትንሹን «ንኡስ ሣልስ» ይበሉ (ሥሩ ነአሰ ነውና በአልፍ «አ» እንጂ በዐይን «ዐ» አይጻፍ)። የመጀመሪያውን፣ ማለትም ሁለቱ ድምፆች እኩል ሲሆኑ ያለውን፣ ብቻ «ግዕዝ» አይበሉት። በበዓታ ቤተ ክርስቲያን አቋቋም የሚማር የጎንደር ተማሪ «ግዕዝ» ሲባል የሚሰማው ከዕዝልና ከአራራይ ጋር የሚጠራውን የያሬድ ዜማ ስለሆነ፣ «አንድ ድምፅ» ማለት ይበቃል።

«ካዕብ» ላይ ትንሽ ልቆይ። ቃሉ የወጣው ከ«ከዐበ» ነው፤ ደገመ፣ እጥፍ አደረገ ማለት ነው። ቀጭኑ ዶ ከወፍራሙ ዶ እጥፍ ይርገበገባልና፣ በሥረ ቃሉ ብንሄድ ካዕብ መባል የሚገባው እርሱ ነበር። ነገር ግን ፊደሉ ካዕብን ሁለተኛው ቦታ ላይ አጽንቶታልና ከዚያ አላነሣውም።

አቆጣጠሩ ራሱ ስሕተት ነው የሚሉ አሉ። ከዶ እስከ ሚ እርምጃው ሁለት ነውና «ሁለት እርምጃ» እንበል፤ አለዚያ ሁለት ሣልስ ተደምሮ ኃምስ ይሆናል፣ ሦስትና ሦስት ደግሞ አምስት ሆኖ አያውቅም ይላሉ። ስሌታቸው ልክ ነው፤ መካከል ላይ ያለው ሚ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። ሆኖም ሁለቱንም ጫፍ መቁጠር የባዕድ ልማድ አይደለም። ዓርብ የተቀበረ ሰው ሣልስቱ እሑድ ነው። «ሳምንት» የሚለውን ቃል ደግሞ ይመልከቱ፦ ሰባት ቀን ሆኖ ሳለ ስሙ የወጣው ከስምንት ነው፤ ከእሑድ እስከ እሑድ ሁለቱንም እሑድ ስንቆጥር ስምንት ይሆናልና። ከዶ እስከ ዶም እርምጃው ሰባት፣ ስሙ ስምንት ነው። ይህን የመሰለ ምስክር በቋንቋው ውስጥ ተቀምጦ ሳለ «ሁለት እርምጃ፣ አራት እርምጃ» እያሉ ማስተማር ለጆሮዬም አይጥመኝም።

ስለዚህ ስምንተኛው ርቀት «ሳምን» ቢባል በወደድኩ ነበር፤ ከ«ሳምንት» ጋር እኅትማማች ሆነው በኖሩ ነበር። ግን ፊደላችን ሳብዕ ላይ ስለሚያበቃ ቃሉን ከሕፃንነቱ የሰማው የለም፤ እዚህ ጎንደርም ኪቦርድ የሚጫወተው ወጣት አጠገቡ ላለው መሰንቆ መቺ «አንድ ኦክታቭ ዝቅ በል» ሲለው ሰምቻለሁ፤ መሰንቆ መቺውም ምን ማለት እንደሆነ ሳይጠይቅ ጣቱን ባንዱ አውታር ላይ አንሸራትቶ ወረደ። የሠለጠነውን ቃል መግፋት አልችልምና ከልቤ ባልወደውም «ኦክታቭ» ብለው ይጻፉ። በሣልስና በኃምስ ቦታ ግን ሥር የሰደደ ሌላ ቃል ገና የለምና እነርሱን አልለቅም፤ እርስዎም በሚያዘጋጁት ትምህርት ውስጥ «ሦስተኛ»ን ለክሩ ብቻ ይተዉለት።