የድመቴ ጆሮ አልድን አለ

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ነጭ ድመቴ ቀኑን ሙሉ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ፀሐይ ስትሞቅ ትውላለች። የጆሮዋ ጫፍ ቆስሎ ይደማል፤ ቅባቱም ማሩም አልሠራ አለ። ካንሰርን በኤሌክትሪክ ያክማሉ ሲሉ ሰማሁ፤ እውነት ነው? (ከደሴ)

መልስ፦ እውነት ነው እህቴ፤ ግን ካንሰሩን የሚገድለው ኤሌክትሪኩ አይደለም። ድመቷ በማደንዘዣ ተኝታ ብሊዮማይሲን የሚባል የካንሰር መድኃኒት ትወጋለች። መድኃኒቱ ብቻውን ወደ ሴል እንደልቡ አይገባም። ትንሽ ቆይቶ እብጠቱ ላይ እጅግ አጫጭር የኤሌክትሪክ ምት ሲሰጥ የሴሉ ሽፋን ለጊዜው ይበሳሳል፤ ያኔ ሰተት ብሎ ይገባል። መቁረጥ ለማይመችበት ለአፍንጫ ትልቅ ነገር ነው። ያንቺዋ ግን የጆሮ ጫፍ ነው። መጀመሪያ ናሙና ተወስዶ ይመርመር። ካንሰር ከሆነም ጫፉን ቆርጦ ማውጣት ይቀላል፤ መሣሪያ ፍለጋ አትንከራተቺ። የደጋ ፀሐይ ለነጭ ድመት አይሆንም፤ ከረፋድ እስከ አሥር ሰዓት ቤት ዝጊባት። የራስሽን የፀሐይ ክሬም ደግሞ እንዳትቀቢያት፣ ትልሰዋለች።