አርኤንኤ የሚነካ ሥራ ያዢ

ከባሕር ዳር ፔዳ ግቢ የጻፍሽልን ጥያቄ ይህ ነው፦ ባዮሎጂ ዘንድሮ ትጨርሻለሽ፣ በሰው ሴል ውስጥ ባሉ ትንንሽ አርኤንኤዎች (ከዲኤንኤ የሚገለበጡ አጫጭር የፊደል ሰንሰለቶች) ላይ የሚደረገውን ኬሚካዊ ለውጥ ማጥናት ትፈልጊያለሽ፣ ፊደላቸውን የሚያነበው የሲኩዌንሲንግ ማሽን ግን አጠገብሽ የለም። «ስኮላርሺፕ ልጠብቅ ወይስ ያገኘሁትን ሥራ ልያዝ?» ብለሻል።

ሥራ ያዢ፤ ያገኘሽውን ሁሉ ግን አይደለም። የኤች አይ ቪ ቫይራል ሎድ (በደም ውስጥ ያለውን የቫይረሱን አርኤንኤ መጠን) የሚለካ ላብራቶሪ ካገኘሽ ደመወዙ ቢያንስም ግቢ። ማሽኑ ብዙውን ቢሠራልሽም ናሙና አያያዝና ብክለት መከላከል እዚያ እጅሽ ይገባል። አርኤንኤን የሚበላው ኢንዛይም ከጣታችን ላይ አይጠፋም፤ ብታፈይውም በቀላሉ አይሞትም።

አርኤንኤን በትሪዞል (ሴልን በሚያፈርስ ኬሚካል) ስታወጪ ከታች የሚዘቅጠውን ደለል በ75 በመቶ ኤታኖል ውስጥ እንዳለ በ20 ዲግሪ ከዜሮ በታች ብታስቀምጪው አንድ ዓመት ይቆያል፤ መብራት ለሚጠፋበት ላብራቶሪ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ትንንሾቹን የሚያጠፋብሽ ግን ሌላ ስህተት ነው። በተለመደው የሲሊካ ኮለም (አርኤንኤን የሚይዝ ማጣሪያ) አሠራር 70 በመቶ ኤታኖል ከናሙናው ጋር በእኩል መጠን ይጨመራል፤ ያን ጊዜ 22 ገደማ ፊደል ያለው ማይክሮ አርኤንኤ (ጂንን የሚቆጣጠር ትንሽ አርኤንኤ) ሳይያዝ ከፈሳሹ ጋር ይወርዳል። ለእሱ ንጹሕ ኤታኖል የናሙናው 1.5 እጥፍ ያስፈልጋል።

ወደ ኬሚስትሪው ስንመጣ፣ የዚህ መስክ ጣጣ ለውጡ ራሱ ከመሣሪያው መደበቁ ነው። አንጂዮጀኒን የሚባለው ኢንዛይም ቲአርኤንኤን (አሚኖ አሲድ ተሸካሚውን አርኤንኤ) ሲቆርጥ የፊተኞቹ ግማሾች በሦስት-ፕራይም (በኋለኛ) ጫፋቸው ሳይክሊክ ፎስፌት ይይዛሉ፤ ለማንበብ የሚቀጠለው አጭር ማያያዣ፣ አዳፕተር፣ አይጣበቅባቸውም፤ ስለዚህ ሴሉ ውስጥ ሞልተው ሳለ በመረጃው ውስጥ አይታዩም። ፒኤንኬ የሚባለው ኢንዛይም ያንን ፎስፌት ያነሳዋል። ኤም-አንድ-ኤ የተባለው ሜቲል (በኤ ፊደል ላይ የሚለጠፍ ትንሽ ኬሚካዊ ጭማሪ) ደግሞ አርኤንኤን ወደ ዲኤንኤ የሚገለብጠውን ኢንዛይም፣ ሪቨርስ ትራንስክሪፕቴዝን፣ መንገድ ላይ ያቆመዋል፣ ወይም የተሳሳተ ፊደል ያስጽፈዋል። እሱን የሚያጸዳው አልክቢ የሚባለው ኢንዛይም ነው። ኤዳር የሚባለው ኢንዛይም አዴኖሲንን (ኤ ፊደልን) ወደ ኢኖሲን ሲቀይረው በንባቡ ላይ ጂ ሆኖ ይወጣል፤ የማያውቅ ሰው ሚውቴሽን ነው ይላል። ቃለ መጠይቅ ላይ ይህን ልዩነት የሚያስረዳ ተማሪ ብዙ አይገኝም።

ይህን ለመለማመድ ማሽን አያስፈልግሽም። ጂኢኦ ከሚባለው ነፃ ክምችት የሰው ሴል የስሞል አርኤንኤ ፋይል አውርጂ፤ አንዱ ተጨምቆ ብዙ ጊዜ ከ1 ጊጋባይት በታች ነው። አዳፕተሩን በኮምፒውተር ቁረጪ፣ ከዚያ የርዝመት ስርጭቱን ሳዪ። ቁንጮው 22 ላይ ካለ ማይክሮ አርኤንኤ ነው፤ ከ30 እስከ 34 ላይ ካበጠ የቲአርኤንኤ ቁርጥራጭ ጠርጥሪ። ንባቦቹን በጂኖም ካርታው ላይ ስታስቀምጪ ዜሮ ስህተት ብቻ ብትፈቅጂ፣ በጫፋቸው ኤ ወይም ዩ የተጨመረባቸውን ሁሉ ትጥያቸዋለሽ። ጀማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው።

ለፕሮፌሰር ስትጽፊ ከሲቪሽ ጋር ያንን አንድ ሥዕል አያይዢና ከሥሩ በሦስት መስመር የትኛው ቁንጮ ለምን ሊያሳስት እንደሚችል ጻፊ። «ፍላጎቴ ከልጅነቴ ነው» የሚለውን አንቀጽ ሰርዢው።