ወጥመድ ውስጥ የገባው የእሳት እራት መጤ ተምች ነው? ጥያቄና መልስ

የአሜሪካ መጤ ተምች በ2016 እ.ኤ.አ. ምዕራብ አፍሪካ ላይ ታየ፤ በዓመቱ ኢትዮጵያ ገባ። ከዚያ ወዲህ በቆሎ ማሳ ዳር የፌሮሞን (ሴቷ ወንዱን የምትጠራበት ሽታ) ወጥመድ መስቀል የተለመደ ነው። ችግሩ ወጥመዱ የሚይዘው መጤውን ብቻ አለመሆኑ ነው። ከልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ከተማሪዎች የመጡትን ጥያቄዎች በተራ እንመልሳለን።

ጥያቄ፦ የወጥመዱ ባልዲ ውስጥ ብዙ ግራጫ የእሳት እራት አገኛለሁ። ሁሉንም መጤ ተምች ብዬ ልቁጠር?

አይቁጠሩ። ፌሮሞኑ የሚጠራው ወንዱን ስለሆነ መጀመሪያ የወንዱን ምልክት ይፈልጉ፦ የፊት ክንፉ ጫፍ ላይ ነጭ ባለ ሦስት ማዕዘን፣ ከክንፉ መሐል አካባቢ ሰያፍ የሆነ ሞላላ ነጣ ያለ ምልክት፣ የኋላ ክንፉ ደግሞ ነጭ ሆኖ ጠርዙ ላይ ቀጭን ጥቁር መስመር። ሦስቱም ከታዩ ጨርሰዋል።

ነገር ግን ባልዲ ውስጥ ሲራገብ ያደረ የእሳት እራት የክንፉ ዱቄት ይረግፋል። ያኔ በቀለም መፍረድ ትርጉም የለውም። በአፍሪካ የመጤው ተምች ወጥመድ ውስጥ በብዛት ገብቶ ቆጠራ የሚያበላሸው ሉካኒያ ሎሬዪ የሚባለው ሌላ የእሳት እራት ነው፤ እሱን ለመለየት ዓይኑን ይዩ። ብርሃኑን ከጎን አድርገው በ20 እጥፍ ሲያጎሉት የሉካኒያ ዓይን ላይ አጫጭር የቆሙ ፀጉሮች በእኩል ርቀት ተተክለው ይታያሉ። የተምቾቹ ዓይን ልሙጥ ነው። እርጥበት በገባበት ባልዲ ሻጋታም ዓይን ላይ ይበቅላል፣ ዱቄትም ይለጠፋል፤ አልኮል በነካ ብሩሽ ጠረግ ሲያደርጉት ሁለቱም ይለቃሉ፣ ፀጉሩ ግን አይለቅም።

ጥያቄ፦ ነባሩን ተምችስ ከመጤው በዓይኑ መለየት ይቻላል?

አይቻልም። ነባሩ ስፖዶፕቴራ ኤግዜምፕታም ሆነ መጤው ስፖዶፕቴራ ፍሩጂፔርዳ ዓይናቸው ልሙጥ ነው። ሴቶቹ በብርሃን ወጥመድ ከተያዙ የሆዳቸውን ጫፍ ይዩ፤ የነባሩ ሴት እዚያ ጥቁር ቅርፊት አላት፣ እንቁላሏንም የምትሸፍነው በሱ ነው። ክንፉ ያለቀ ወንድ ከሆነ ግን ሆዱን ከፍቶ የመራቢያ አካሉን ማየት ነው።

ወንድና ሴት ካልለየልዎ የኋላ ክንፉን ሥር ከታች በኩል ይመልከቱ። ሁለቱን ክንፎች የሚያያይዘው ሽቦ መሰል ፀጉር በወንዱ አንድ ወፍራም ብቻ ነው፤ በሴቷ ከአንድ በላይ ቀጫጭን ናቸው።

ጥያቄ፦ ትሉ ግንባሩ ላይ የተገለበጠ ዋይ ካለው መጤ ነው ይባላል። ልክ ነው?

ብቻውን አይበቃም፤ ነባሩም ተመሳሳይ ምልክት አለው። አስተማማኙ ከኋላ ነው፦ ስምንተኛው የሆድ ክፍል ላይ አራት ጎላ ያሉ ጥቁር ነጥቦች በካሬ ይቀመጣሉ። ገና የተፈለፈለ ትል ላይ ይህ ስለማይለይ አሳድገው ይዩት።

ጥያቄ፦ የመራቢያ አካሉን ማውጣት ደረጃ በደረጃ ቢነግሩን? ያለ ትልቅ ላቦራቶሪ ይሆናል?

ይሆናል። ጥሩ ማይክሮስኮፕ፣ ሁለት ቀጫጭን ወረንጦዎች፣ ብሩሽ፣ ብልቃጥ፣ አልኮልና ግሊሰሪን ይበቃል።

ሆዱን ሥሩ ላይ ይዘው ወደ ላይ ቀና ያድርጉት፤ ይላቀቃል። ከጎተቱት የኋላ ክንፎቹን ይዞ ይመጣል። 10 ግራም ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ በውሃ አሟሙተው 100 ሚሊ ሊትር ያድርሱ። ኬሚካሉ ነው ወደ ውሃው የሚጨመረው፤ ተገላቢጦሹ ግሎ ይረጫል። ጓንትና የዓይን መከላከያ ግዴታ ነው። ሆዱን ከፈሳሹ ጋር ብልቃጥ ውስጥ አድርገው ብልቃጡን የፈላ ውሃ ውስጥ ያቁሙት። በቀጥታ እሳት ላይ ከጣዱት ድንገት ገንፍሎ ናሙናውን ይዞት ይወጣል።

ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ይወስዳል። አዲስ አበባ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ቆላ አገር የተጻፈ መመሪያ ላይ ያለው ደቂቃ ሊያንስዎ ይችላል። ሰዓቱን ሳይሆን ሆዱን ይመኑ፦ ለስልሶ ውስጡ ሲሳሳ በቅቷል። ካነሰ ሥጋው አልተሟሟም፣ ሲለዩት ይቀደዳል። ከበዛ ስስ ሽፋኖቹ ይፈርሳሉ፣ ጠንካራዎቹም ክፍሎች መስተዋት ሆነው ከዓይን ይጠፋሉ። ላልቸኮለ ሰው ያለ ሙቀት ማሳደር ይሻላል።

ከዚያ ውሃ ውስጥ አዛውረው በብሩሽ ጫን ጫን እያሉ ስቡን ያስወጡ፣ ቅርፊቱን ይጥረጉ። የመጨረሻውን ክፍል ዙሪያውን ፈተው አካሉን ያውጡ። ሁለቱን ቫልቫዎች (የወንዱ መራቢያ አካል ግራና ቀኝ መያዣዎች) ከፍተው ከያዙ በኋላ ነው አልኮል የሚገባው፤ አልኮል ውስጥ እንደተቀመጠ ይደርቃል። የሆዱን ቆዳም አይጣሉት።

ጥያቄ፦ የአንድ ዝርያ ሁለት ወንዶች ቫልቫቸው የተለያየ መሰለኝ። ለምን?

ብዙ ጊዜ በመስታወት ስለተጫነ ወይም ዘመም ብሎ ስለታየ ነው። መጀመሪያ ግሊሰሪን ውስጥ ሳይጫን እያገላበጡ ያወዳድሩ፣ ቋሚ ስላይድ ከዚያ ይደርሳል።

ጥያቄ፦ አሜሪካ ውስጥ ኳራንቲን ላቦራቶሪ ልምምድ ላይ ነኝ። ጓይ ትልን ከአሜሪካው ዘመዱ እንዴት ልለይ?

ጓይ ትል ሄሊኮቨርፓ አርሚጄራ ነው፤ የእናንተው ሄሊኮቨርፓ ዚያ። ክንፋቸው አያስተማምንም። ልዩነቱ ቬሲካው ላይ ነው፤ ቬሲካ በወንዱ ቱቦ ማለትም በኤዲያገሱ ውስጥ ታጥፎ የሚኖር ስስ ከረጢት ሲሆን እንደ ካልሲ ተገልብጦ ይወጣል። በኢንሱሊን መርፌ ከቱቦው ሥር አልኮል ቀስ አድርገው ይግፉ። ሲነፋ ሥሩ ላይ አንድ ጉብታ ካለ አርሚጄራ፣ ሦስት ካሉ ዚያ። በግማሽ የወጣ ቬሲካ ጉብታዎቹን ስለሚደብቅ ጭራሽ ካልወጣው የባሰ ያሳስታል። አርሚጄራ በ2013 እ.ኤ.አ. ብራዚል መግባቱ ከተረጋገጠ ወዲህ ሁለቱ ስለሚዳቀሉ መሐል ቤት የሆነ ናሙና ካጋጠመዎ ወደ ዲኤንኤ ይላኩት።

ጥያቄ፦ ተቀራራቢዎቹ የእሳት እራቶች ስፖዶፕቴራ ሊቶራሊስ እና ሊቱራስ እንዴት ይለያሉ?

በሴቷ ይጀምሩ። የመራቢያው መግቢያና ከሱ የሚቀጥለው ቱቦ ርዝመታቸው እኩል ከሆነ ሊቶራሊስ፣ ከተለያየ ሊቱራ።

ጥያቄ፦ የመጤው ተምች የበቆሎና የሩዝ ነገዶችስ በዚሁ መንገድ ይለያሉ?

አይለያዩም። እዚያ ላይ ሰውነታቸው የሚነግረን ነገር የለም፤ ዲኤንኤ ብቻ ነው። ስለዚህ ሆዱን ከመቀቀልዎ በፊት አንድ እግር ነቅለው 96 በመቶ አልኮል ውስጥ ያስቀምጡ፤ የእግሩ፣ የሆዱና በስፒል የተሰካው የቀረው አካል ቁጥር አንድ ይሁን።